በእርሳስ የተጻፈ ምርጫ

ካርቶኑ አሁን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። የፓስታ ካርቶን ነው። አንድ ጎኑ ተቆርጦ በማስመሪያና በጥቁር ማርከር የኮምፒውተር ኪቦርድ ተሥሎበታል። ማርከሩ ደብዝዞ ቡናማ ሆኗል። "ኤፍ" እና "ጄ" የነበሩበት ቦታ ግን ከነጭራሹ የለም፤ ጣት በብዛት ስላረፈበት ወረቀቱ ተልጦ የውስጡ ሻካራ ወጥቷል። ሳሸተው የማንጎ ልጣጭ ይሸተኛል። ከስንት ዓመት በኋላ ካርቶን ማንጎ አይሸትም ትይኝ ይሆናል። ይሸታል።

ትናንት ስትደውይልኝ ይህን ካርቶን እያየሁ ነበር። "ኮምፒውተር ሳይንስ እንደምማር ወስኛለሁ፤ ግን የትኛውን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ላድርግ?" አልሽኝ። የእህቴ ልጅ ነሽ፣ እኔም የተማርኩት ያንኑ ነው፤ ከእኔ ሌላ ማንን ትጠይቂያለሽ? መስመሩ ሲቋረጥ የመርሳ ኔትወርክ እንደ ልማዱ የሄደ መስሎሽ ይሆናል። ኔትወርኩ አልሄደም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት እነግርሻለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ቅጹን ራስሽ ሙይው። ለማንም ሰጥተሽ አታስሞይ፣ ለእኔም ቢሆን።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ መርሳ መብራት ከጠፋባት ወራት ሆኗት ነበር። ኔትወርኩ ደግሞ ከመብራቱም ቀድሞ ነው የሄደው። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ተቆልፎ፣ ቁልፉ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ዝጓል፤ በመስኮቱ ስንመለከት ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረው ይታያሉ። የአይሲቲ መምህራችን ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ ገባና "ይኸው ኮምፒውተር መጣላችሁ። መብራት አይፈልግም፣ ቫይረስም አይነካውም" አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ማስመሪያውን አውጥቶ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሲሥል ቆየ።

ለሁለት ተማሪ አንድ ካርቶን ደረሰ። የእኔ ተጋሪ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ነበረች። ከወንዙ ማዶ ካለው የፍራፍሬ እርሻ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ማንጎ አይጠፋም። ካርቶኑንም የምትይዘው እሷ ስለነበረች ሽታው በዚያው ቀረበት።

የመርሳን ሙቀት መቼም አንቺ አታጪውም። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንጣጣል። አስፋልቱ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ሻጮቹ "ማንጎ! ብርቱካን! ፓፓያ!" እያሉ ሲሮጡ ድምፃቸው በመስኮት ይገባል። እኛ ደግሞ በካርቶን ላይ እንተይባለን። የሚሰማው ጠብ ጠብ የሚል ነገር ብቻ ነው፤ ዝናብ ሊጀምር ሲል ቆርቆሮ ላይ እንደሚጥለው ዓይነት። መምህራችን በመካከላችን እየተዘዋወረ "ወደ ታች አታይ! ጣትህ ያውቀዋል፣ አንተ ነህ የማታውቀው!" ይላል።

ካርቶን የጻፍሽውን አያሳይሽም። ስለዚህ እኔና ጓደኛዬ አንድ ጨዋታ ፈጠርን። አንዳችን እንጽፋለን፤ ሌላችን ጣቶቹን አይተን እናነባለን። መጀመሪያ ፊደል በፊደል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላን ካርቶኑም አላስፈለገንም። በዴስኩ ላይ፣ በደብተር ጀርባ ላይ፣ በጉልበታችን ላይ እንጽፍ ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩን እያየች በጉልበቷ ላይ "ርቦኛል" ትለኛለች፤ እኔ በጉልበቴ ላይ "ማንጎሽን ብዪ" እላታለሁ። ማንም አላወቀብንም። ወይም ማንም ያወቀብን አይመስለንም ነበር።

መምህራችን የተማረው ጅማ ነው። ስለ ጅማ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ዝናቡን ያወራል፣ ከዝናቡ በኋላ ስለሚመጣው የቅጠል ሽታ ያወራል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ላቦራቶሪው። "ከዳር እስከ ዳር ኮምፒውተር ነው። ተቀምጠህ ስትሠራ ማንም መጥቶ ተነሥ አይልህም" ይል ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ የሆነ ነገር የቀመሰች ይመስል ከንፈሯን ትልሳለች። ወጥተን ስንሄድ በቀኝ እጇ ደብተር ይዛ በግራዋ ክንዴን ያዘችኝና "ሁለታችንም ጅማን አንደኛ እንሞላለን፣ ማይልኝ" አለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ወዲህ ጅማ በእኛ ጨዋታ ውስጥ ቃል ሆነ። የቀኝ ጠቋሚ ጣት ባለበት ይጫናል፤ ያው ጣት ትንሽ ወደ ታች ወርዶ ይጫናል፤ ከዚያ የግራዋ ትንሿ ጣት። ጄ፣ ኤም፣ ኤ፤ በቃ፣ ጅማ።

አሁን ቢሮዬ ውስጥ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳይ ዓይኔ ይሄዳል። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን በጣቷ ስትነካካ ዓይኔ ይሄዳል። ሰዎቹ ምንም አይጽፉም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ያቺን ሦስት ምት አያታለሁ። አንዳንድ ቀን ከመውረጃዬ ቀድሜ እወርዳለሁ።

ፈተናው አለፈ፣ ውጤቱም መጣ። ሁለታችንም በጥሩ ነጥብ አለፍን። እሷ እንደ ወትሮው በለጠችኝ። ይህን ልብ በይልኝ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ ነበርን። ሰው "ጎበዟ" ሲል እሷን ማለቱ ነው። እኔ "የጎበዟ ጓደኛ" ነበርኩ።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው ተባለ። በእኛ በኩል ኔትወርክ የለም፤ ወልድያም የለም። ያለው ደሴ ነው። የመዝጊያው ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆች እየተቧደኑ መሄድ ጀመሩ። መሄድ ያልቻለ የመፈተኛ ካርዱንና የምርጫውን ዝርዝር ለሚሄድ ሰው ይሰጣል። እኔን እናቴ ፈቀደችልኝ፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "ደሴ ደርሰሽ በጊዜ ተመለሽ" ነው ያለችኝ። ጓደኛዬን ግን አባቷ አልፈቀዱም።

ስለ አባቷ ልንገርሽ። ሀብሩ ውስጥ ብርቱካን በማዳቀል የታወቁ ሰው ነበሩ። አንዱን ዛፍ ከሌላው አዳቅለው ሲጨርሱ ትንሽ እንጨት ላይ የዓይነቱን ምልክት ጭረው ቅርንጫፉ ላይ ያስራሉ። ፊደል አያውቁም፤ ምልክቱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለዚህ ብለው ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም፤ እስክርቢቶ በዝናብ ይታጠባል፣ እርሳስ ግን አይታጠብም ይሉ ነበር።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፣ የጓደኛዬ ታላቅ። እኛ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። ከሀብሩ ስንት ልጅ በዚያ መንገድ እንደሄደ አንቺም ታውቂያለሽ። አባቱ እምቢ አሉ። ልጁ ሲለምን ሲለምን ከረመ፤ አንድ ቀን አባቱ ራሱ ላይ እጃቸውን ጭነው "ሂድ፤ አላህ ያቅናህ" አሉት። ባሕሩ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ከዚያ ወዲህ እኚህ ሰው "ሂድ" የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። በሬውን እንኳ ሲነዱ ያፏጩለታል እንጂ ሂድ አይሉትም። እንግዳ ሲሸኙ "ነይ" ነው የሚሉት። ከግቢያቸው "ነይ" እየተባልሽ ነው የምትወጪው። ያኔ ልጆች ነበርንና እንስቅባቸው ነበር።

ደሴ ልሄድ በዋዜማው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ምርጫዋን ልቀበል ወደ እርሻቸው ሄድኩ። ከትልቁ ማንጎ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ አባቷና ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ አጎቷ ናቸው። ጫት ይዘው ዱዓ ላይ ነበሩ። እኔ ከአባቷ ኋላ ባለው ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ፣ ከሽማግሌዎቹ ራቅ ብላ፣ በማዳበሪያ ላይ ብርቱካን ትለያለች።

"ጅማ የሚባለው በየት በኩል ነው?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"በአዲስ አበባ አልፎ ነው፣ አባባ" አልኩ።

"ከአዲስ አበባም ወዲያ!" አሉና ወደ ሰማይ አዩ።

"ወልድያስ ኮምፒውተር የለም?" አሉ አጎቷ።

"አለ።"

"ታዲያ ምን ፍለጋ ነው? ወልድያ ብትሆን ጁምዓ ጁምዓ ትመጣለች። ምሳዋን ጠዋት ለሚኒባስ ብንሰጥ ሳይቀዘቅዝ ይደርስላታል።"

ሁሉም ሳቁ። አባቷ አልሳቁም፣ አልተናገሩምም። ያን ጊዜ ነው ወደ ጓደኛዬ ያየሁት። ብርቱካን መለየቷን ትታ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ፊቷ ወደ መሬት ነው። የቀኝ ጠቋሚ ጣቷ ተጫነ። ወረድ ብሎ ተጫነ። የግራዋ ትንሿ ጣት። ትንሽ ቆየችና ደገመችው። ትንሽ ቆየችና ደገመችው። ጅማ። ጅማ። ጅማ።

በአፏ ብትለው አባቷን በሰው ፊት መጋፋት ነበር። ወንድሟ ከሄደ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ "ልሂድ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ማንም ሳይሰማ፣ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። እኔም አነበብኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአንቺ ነው አሁን የምነግርሽ። ሦስቱንም ጊዜ አንብቤዋለሁ።

"በይ ጻፊ" አሉኝ አባቷ። እስክርቢቶዬን አወጣሁ። ዞር ብለው አዩትና ጆሯቸው ላይ ያለውን እርሳስ አውርደው ሰጡኝ። "እስክርቢቶውን ተይው። በእርሳስ ይሁን።"

እርሳሱ አዲስ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ላጲስ ገና አልተነካም። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ መሰለሽ? የዛፍ ልማድ ነው አልኩ። እስክርቢቶ በዝናብ ይታጠባል ብለው ነው አልኩ።

"አንደኛ ወልድያ" አሉ። ጻፍኩ። "ሁለተኛ ደሴ።" ጻፍኩ። "ሌላውን እናንተው ታውቁታላችሁ።" ወረቀቱንና የመፈተኛ ካርዷን አጥፌ ስይዝ እርሳሱን ልመልስላቸው ዘረጋሁ። "እሱንም ያዢው" አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አላህ ያግራላቸው አሉ፣ ከክፉ ይሰውራቸው አሉ። የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ፤ እኛ አገር እንዲህ ነው። አጎቷ ስነሣ ጠሩኝና "አማና ነው፣ ልጄ። የሰው ልጅ ዕድል ነው የያዝሽው" አሉኝ። አማና ስትባይ ምን እንደሚሰማሽ ታውቂያለሽ፤ አደራው አጥንትሽ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጓደኛዬን ለብቻዋ ላገኛት ፈልጌ ነበር። እናቷ ለሽማግሌዎቹ ምግብ እንድታቀርብ ጠርተዋት ገባች። ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም። የምትለውን ብላ ጨርሳለች።

አባቷ ለመንገድ ብለው ማንጎ በፌስታል ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ያን ያህል ርቀው ሸኝተውኝ አያውቁም። አስፋልቱ ዳር ቆምን። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሻጮቹ ተንጋግተውበታል። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ጫማቸው ጫፍ ላይ ያለውን አቧራ አዩ።

"ደሴ ብርድ ነው። ደርበሽ ልበሺ" አሉኝ።

"እሺ አባባ።"

"ነይ" አሉኝ።

በነጋታው በማለዳው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ውርጌሳን አልፈን ወደ ውጫሌ ዳገት ስንወጣ ስልኮች ድንገት በየኪሱ መንጫረር ጀመሩ፤ የወራት መልእክት በአንዴ ይገባ ነበር። ሰው ሁሉ ያነባል፣ አንዷ ሴት ታለቅሳለች፣ ሾፌሩ ይስቃል። የእኔ ፌስታል ውስጥ ያሉት ማንጎዎች ይሸታሉ። እርሳሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ደሴ ያለው ኢንተርኔት ቤት በእኛው ልጆች ተጨናንቋል። ከቆቦ የመጣ አለ፣ ከሐራ የመጣ አለ፤ ሁሉም በእጁ የሌላ ሰው ወረቀት ይዟል። የሞቀ አቧራና የላብ ሽታ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከወራት በኋላ እውነተኛ ኪቦርድ ነካሁ። ቁልፎቹ ድምፅ አላቸው። ደነገጥኩ፤ ካርቶኑን ለምጄ ነበር።

መጀመሪያ የራሴን ሞላሁ። አንደኛ፣ ጅማ። ከዚያ የእሷን ቁጥር አስገባሁ። ስሟ ስክሪኑ ላይ መጣ። የቀኝ ጠቋሚ ጣቴ "ጄ" ላይ ነበር። አልተጫነም። አልተነሣምም።

"እህት፣ ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰው ቆሟል" አለኝ ባለቤቱ።

አማና ነው አልኩ በልቤ። ሽማግሌዎች ዱዓ አድርገውበታል። አባት ተናግሯል፣ እኔ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ የሰው ልጅ ከአባቷ ትእዛዝ ማውጣት የእኔ ሥራ አይደለም። ወልድያን አንደኛ አደረግሁ። ደሴን ሁለተኛ። ጅማን በእሷ ገጽ ላይ የትም አላስገባሁም። አስገባሁት ብልሽ ደስ ባለኝ።

ለዓመታት ለራሴ የምነግረው ይህንን ነው፤ አማናውን ጠበቅሁ። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የተሰማኝን ግን ለራሴም አላወራውም ነበር። ቀለለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ንፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ዘፈን አንጎራጎርኩ። ጅማ ስሄድ ማንም "የጎበዟ ጓደኛ" አይለኝም ብዬ አሰብኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ነበርኩ፤ ጓደኛዬን እወዳት ነበር፤ እና ደስ አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ስደርስ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች። "ሞላሽው?" አለችኝ። "ሞላሁት" አልኳት። ዓይኔን አየችኝ። "የአባትሽን" አልኳት። "አብሽሪ፣ ደግ አደረግሽ" አለችኝ። ከዚያ ስለ ደሴ ብርድ ጠየቀችኝ።

ሁለታችንም አንደኛ የሞላነው ደረሰን። ጅማ በምሄድበት ቀን ካርቶኑን ለሁለት እንቁረጠው ብያት ነበር። "አይ፣ አንቺማ እውነተኛ ታገኛለሽ" ብላ ለራሷ አስቀረችው።

ወልድያ ምንም አላጎደለባትም። የፈለገችውን ትምህርት እዚያው ገብታ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። የጎዳት ቅርብ መሆኗ ነው። ብርቱካን ሲደርስ ትጠራለች። እናቷን ደም ግፊት ሲጥላቸው ትጠራለች። ለቅሶ ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ የውኃው ቦይ ሲደፈን "እዚሁ ወልድያ ናት፣ ጥሯት" ይባላል። ሩቅ ብትሆን ማን ይጠራታል? እኔን ማንም አልጠራኝም። የአክስቴን መሞት እንኳ የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቆመ፤ ሲከፈት እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ። አንድ ዓመት ላቋርጥ ብላ ወጣች። በዚያው ቀረች። አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። አሁን ከአስፋልቱ ዳር የፍራፍሬ ሱቅ አላት፤ አንቺም ከእሷ ማንጎ ሳትገዢ አትቀሪም።

አባቷ ባለፈው ክረምት ሞቱ። ልጃቸው እንደጠፋ ነው የሞቱት። ሰምቼ ከአዲስ አበባ ስመጣ ሐዘኑ በርዶ፣ ድንኳኑ ሊነሣ ደርሶ ነበር። ጓደኛዬ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ተቀበለችኝ። ሴቶቹ መሃል ትንሽ ከተቀመጥን በኋላ እጄን ይዛ ወደ እርሻው ወሰደችኝና ትልቁ ማንጎ ሥር፣ ጎን ለጎን፣ ተቀመጥን። በየዛፉ ላይ የእንጨት ምልክቶቹ ተንጠልጥለዋል። አሁን የሚያነባቸው የለም።

ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር አወጣች። ካርቶኑ ነበር።

"ከአባዬ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘሁት" አለችኝ። "እኔ የጠፋ መስሎኝ ነበር። አንስተው አስቀምጠውታል።"

ልጇ ዛፎቹ መሃል ትሮጣለች። እሷ ብርቱካን አንስታ መላጥ ጀመረች።

"ታመው ተኝተው ሳለ አንድ ቀን ጠሩኝ" አለች። "'ያን ቀን ጉልበትሽ ላይ ምን ነበር የምትጽፊው?' አሉኝ። ወላሂ፣ ደነገጥኩ። ያዩኝ አልመሰለኝም ነበር። 'ጅማ' አልኳቸው። 'ቃሉን አላወቅሁትም፤ ለእሷ እየነገርሽ መሆኑን ግን አውቄያለሁ' አሉ። 'እኔ ሂጂ ማለት አልቻልኩም። ምላሴ አልታዘዘኝም። እርሳሱን የሰጠኋት ለዚያ ነበር። ታጠፋዋለች ብዬ። እሷ ከቀየረችው ከአላህ ነው ብዬ እቀበላለሁ፣ ለሽማግሌዎቹም ልጆቹ ናቸው ያደረጉት እላለሁ ብዬ።'"

የብርቱካኑ ልጣጭ ሳይበጠስ እየረዘመ ጉልበቷ ላይ ወረደ።

"ከዚያማ አለቀሱ" አለችኝ። "'ልጅቱ ለምን አላጠፋችውም?' አሉኝ። እኔም 'አባዬ፣ እሷ አላየችም፤ የተቀመጠችው ከአንቱ ኋላ ነበር፣ እጄ አይታያትም። ብታይማ ኖሮ ታደርገው ነበር' አልኳቸው። ማልኩላቸው። ወላሂ አላየችም ብዬ ማልኩላቸው። እሳቸውም እንዲያ ከሆነስ አሉ።"

አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ጫማዬ ጫፍ ላይ ያለውን አቧራ አየሁ። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። ቃሉ እምቢ ሲለኝ ጣቶቼ በራሳቸው ተንቀሳቀሱ። "አይቼ ነበር" ብለው ጻፉ። ትንሽ ቆየሁና ደገምኩት። አይቼ ነበር።

ጣቶቼን አላየችም ይሆናል። አይታም ይሆናል፤ እኔ ያን ቀን እንዳደረግሁት። ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ ብርቱካኑን ላጠች፣ ለሁለት ከፈለች፣ ግማሹን ሰጠችኝ። በላሁት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ያ እርሳስ እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው፤ ላጲሱ ሳይነካ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሚኒባሱ መጥቶ ሲቆም ሻጮቹ ተንጋጉ። እሷ ካርቶኑን በሁለት እጇ አስያዘችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እና ልክ እንደ አባቷ፣ "ነይ" አለችኝ።